የተሳሳተው መልስ እንዴት ይሠራል

ጥያቄው ሁለት መስመር ነው። የአንድ ብስክሌት ዋጋ 250 ፓውንድ ነበር። ባለሱቁ ዋጋውን 20 በመቶ ጨመረ፤ ቆየት ብሎ ከተጨመረው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቀነሰ። ብስክሌቱ አሁን በስንት ይሸጣል? ከሥሩ አምስት ምርጫ አለ፦ 212.50፣ 255፣ 262.50፣ 285፣ 300።

መልሱ 255 ነው። 250 ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 300 ይሆናል። የ300 15 በመቶ 45 ነው። 45 ሲነሳ 255 ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሄዳል። እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ ትክክለኛው መልስ ሳይሆን የቀሩት አራቱ ናቸው።

262.50 ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ሃያ ተጨመረ፣ አሥራ አምስት ተቀነሰ፣ እንግዲህ የተጨመረው አምስት ብቻ ነው ብሎ ያሰበ ሰው 250 ላይ 5 በመቶ ጨምሮ ቀጥ ብሎ የሚደርሰው እዚያ ነው። 212.50 ጭማሪውን ዘልሎ ቅናሹን ከመነሻው ዋጋ ላይ ያሰላ ሰው መልስ ነው። 300 መንገድ ላይ የቆመው ነው፤ ጭማሪውን ሠርቶ ቅናሹን ረስቷል። 285 ላይ የሚደርሰው 15 በመቶን 15 ፓውንድ ብሎ ያነበበው ነው። አራቱም እያንዳንዳቸው የአንድ የታወቀ ስሕተት ውጤት ናቸው። ጥያቄ አውጪው ትክክለኛውን ስሌት አንድ ጊዜ ሠራ፤ ስሕተቱን ግን አራት ጊዜ፣ በአራት መንገድ፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ድረስ ሠራው።

ጥያቄዋን ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። አሠራሩን የተማርኩት ግን ከዩካት ነው። ዩካት ብሪታኒያ ውስጥ ሕክምና ወይም የጥርስ ሕክምና ለመማር የሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚወስዱት የመግቢያ ፈተና ነው። በ2006 ዩኬካት ተብሎ ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ሲይዙት ስሙ አጠረ። ቢማት የሚባለው ሌላው የመግቢያ ፈተና በ2023 ሲያበቃ ኦክስፎርድና ካምብሪጅም ወደ ዩካት መጡ። አገር ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አፕቲትዩድ የተፈተነ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ባዮሎጂም ኬሚስትሪም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፊት ለፊት ከተቀመጠው መረጃ ምን እንደሚከተል፣ ምን እንደማይከተል ነው።

ከ2025 ጀምሮ ፈተናው አራት ክፍል አለው። የንባቡ ክፍል 44 ጥያቄ በ22 ደቂቃ። የውሳኔው ክፍል 35 ጥያቄ በ37 ደቂቃ። የቁጥሩ ክፍል 36 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። የሁኔታ ዳኝነት ክፍል 69 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። ሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ተደምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

እነዚህን ቁጥሮች ሲያካፍሏቸው የጥያቄው ልክ ይወጣል። በቁጥሩ ክፍል ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 43 ሰከንድ ነው። ብስክሌቷ ሁለት እርምጃ ብቻ ያላት ለዚህ ነው። ዋጋውም 250 የሆነው በምክንያት ነው። የ250 20 በመቶ 50፣ ድምሩ 300፣ የ300 15 በመቶ 45። አንዱም እርምጃ ካልኩሌተር አይፈልግም። 250ውን 247 ብናደርገው አስተሳሰቡ ያው ነው፤ ተማሪው ግን አስተሳሰቡን ትቶ ቁልፍ ሲጫን ጊዜው ያልቃል፤ መጨረሻ ላይ 251.94 ሲያገኝም ስለ በመቶ የተማረው አዲስ ነገር የለም። እርግጥ በፈተናው ሁሉም ቁጥር እንዲህ የለዘበ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ተራ ካልኩሌተር አለ፤ የሚያስፈልግባቸውም ጥያቄዎች አሉ። የትኛው እንደሚያስፈልገውና የትኛው እንደማያስፈልገው በሁለት ሰከንድ መለየት ራሱ የልምምዱ አንድ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። እዚህ 11 ጽሑፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሥር አራት ጥያቄ። ለአንድ ጽሑፍ ከነጥያቄዎቹ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑት አንድ ዓረፍተ ነገር አቅርበው ሦስት ምርጫ ይሰጣሉ፦ እውነት፣ ሐሰት፣ መናገር አይቻልም። ሦስተኛው ምርጫ የፈተናው ምርጥ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። በምሳሌ ላሳይ። የፈተናው ጽሑፎች ከዚህ ይረዝማሉ፤ እኔ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ጽፌያለሁ።

«በኦገስት 1854 መጨረሻ ላይ በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ተነሣ። በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን መኖሪያ ሲከታተል አብዛኞቹ ብሮድ ስትሪት ላይ በቆመው የሕዝብ ፓምፕ አካባቢ ይኖሩ እንደነበር ደረሰበት። በዚያው መንገድ ባለ የቢራ ጠመቃ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ከ70 በላይ ሰዎች ግን በኮሌራ የሞተ አልነበረም። ሠራተኞቹ ቢራ ይታደላቸው ነበር፤ ጠመቃ ቤቱም በግቢው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ሴፕቴምበር 8 ቀን የሰበካው አስተዳደር የፓምፑን እጀታ አስነቀለ። ብዙ ነዋሪ አስቀድሞ ሰፈሩን ለቆ ስለነበር የሟቾች ቁጥር ከዚያ ቀን በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር።»

አንደኛው፦ «የሟቾች ቁጥር መቀነስ የጀመረው እጀታው ከተነቀለ በኋላ ነው።» ሐሰት። የጽሑፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ይቃረነዋል። ሐሰት ለማለት ጽሑፉ ዝም ማለቱ አይበቃም፤ ተቃራኒውን መናገር አለበት።

ሁለተኛው፦ «በብሮድ ስትሪት ከሕዝቡ ፓምፕ ሌላ ውኃ የሚገኝበት ቦታ ነበር።» እውነት። ጽሑፉ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር የለውም። ነገር ግን ጠመቃ ቤቱ በዚያው መንገድ ነው፤ ጠመቃ ቤቱ ጉድጓድ አለው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሦስተኛው ይወጣል። አውጪው መረጃውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ከፋፍሎ ማስቀመጡን ልብ ይበሉ። አንድ ቦታ ቢያስቀምጠው ኖሮ ጥያቄው ቃል መፈለግ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው፦ «የጠመቃ ቤቱ ሠራተኞች ከሞት የተረፉት ቢራ ይጠጡ ስለነበር ነው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቢራ ይታደላቸው ነበር፤ አልሞቱም። ሁለቱም ጽሑፉ ውስጥ አሉ። የሌለው «ስለ» የምትለዋ ናት። ጽሑፉ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አኑሯቸዋል እንጂ አላገናኛቸውም። ደግሞም ሌላ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን፣ ጉድጓዱን፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከቢራው አጠገብ አስቀምጧል። መልሱ መናገር አይቻልም ነው። ጉድጓዱ ባይጠቀስም መልሱ ያው ነበር፤ መጠቀሱ ግን ተማሪው መልሱ ለምን ያ እንደሆነ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ያደርጋል። አውጪው ለተማሪው የተወለት ማስረጃ ነው።

አራተኛው፦ «ወረርሽኙን ያቆመው የፓምፑ እጀታ መነቀል ነው።» ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ የሚከብደውም ዓረፍተ ነገሩ ስለተወሳሰበ አይደለም። ብሪታኒያ ካደጉ ልጆች ብዙዎቹ የስኖውንና የፓምፑን ታሪክ ትምህርት ቤት ሰምተውታል። ጽሑፉ የሚለው ቁጥሩ አስቀድሞ መቀነስ እንደጀመረ ነው። ከዚያ በኋላ ወረርሽኙ እንዴት እንዳበቃ፣ እጀታው ምን ያህል እንደረዳ አይናገርም። እውነት ብሎ መመለስ አይቻልም፤ ሐሰት ብሎ መመለስም አይቻልም። ለንደን ውስጥ ለዚህ ፈተና ከሚዘጋጁ ልጆቻችን ጋር ስቀመጥ በዚህ ጥያቄ ላይ አንዷ፣ «ጋሼ፣ እውነት ነው እኮ! ተምረነዋል» ብላ ተከራክራኛለች። «ሊሆን ይችላል የኔ ልጅ፤ ይኼ ጽሑፍ ግን አላለም» አልኳት። እንደገና አነበበችው። ጣቷን «በፊት» የምትለው ቃል ላይ አድርጋ ዝም አለች፤ ከዚያ መልሷን ለወጠች።

አራቱን ጥያቄዎች ከጽሑፉ ጋር አጋጥማችሁ ብታዩ ከጽሑፉ ሳይነካ የቀረ ዓረፍተ ነገር ጥቂት ነው። ጥያቄና ጽሑፍ እንደ ሙዳይና ክዳኑ ሲገጥሙ ሥራው የተጠናቀቀ ነው። ከጽሑፉ ላይ «አስቀድሞ» የሚለውን ቃልና «ከዚያ ቀን በፊት» የሚሉትን ሦስት ቃላት አውጥተን እንየው። አንደኛው ጥያቄ ሐሰት መሆኑ ይቀራል፤ መናገር አይቻልም ይሆናል። የአንድ ጥያቄ መልስ በአራት ቃላት ላይ ቆሟል ማለት ነው።

በዚህ ክፍል የሚለማመድ ሰው ዓይኑ ቀስ በቀስ ወደ ትናንሾቹ ቃላት ይዞራል። ብቻ፣ ሁሉ፣ አብዛኛው፣ አንዳንድ፣ ሊሆን ይችላል፣ ስለ፣ ቢያንስ። ስሞችና ቁጥሮች ዓይን ይስባሉ፤ መልሱን የሚወስኑት ግን እነዚህ ናቸው። ስኖው የተከታተላቸው ሟቾች «አብዛኞቹ» በፓምፑ አካባቢ ይኖሩ ነበር ተባለ። «ሁሉም» የሚል ጥያቄ ቢመጣ ጽሑፉ አይደግፈውም።

የውሳኔው ክፍል ሌላ ዓይነት እጅ ይፈልጋል። እዚህ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ሰከንድ በላይ ይደርሳል፤ ከጽሑፉ ይልቅ አወቃቀሩ ይበዛል። አንዱ ዓይነት ጥቂት መነሻ ዓረፍተ ነገሮች ሰጥቶ አምስት ድምዳሜ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ይከተላል ወይስ አይከተልም ይላል። አምስቱንም በትክክል ለመለሰ 2 ነጥብ፣ በከፊል ለመለሰ 1 ነጥብ።

መነሻው ይህ ይሁን። የዋርዱ ነርሶች ሁሉ ክትባት ወስደዋል። ክትባት ከወሰዱት አንዳንዶቹ የሌሊት ተረኞች ናቸው። ከሌሊት ተረኞች አንዱም ተማሪ አይደለም።

«አንዳንድ ነርሶች የሌሊት ተረኞች ናቸው።» አይከተልም። ክትባት የወሰዱት ከነርሶቹ ሊበልጡ ይችላሉ፤ ተረኞቹ ከቀሩት መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። «ክትባት ያልወሰደ ሰው የዋርዱ ነርስ አይደለም።» ይከተላል፤ የመጀመሪያው መነሻ በግልባጩ የተጻፈ ነው። «ክትባት ከወሰዱት አንዳንዶቹ ተማሪ አይደሉም።» ይከተላል፤ የሌሊት ተረኛ የሆኑት እነሱ ናቸው። «ተማሪዎች ክትባት አልወሰዱም።» አይከተልም። «ከዋርዱ ነርሶች መካከል ተማሪ የለም።» አይከተልም።

በፈተና ጣቢያው በላስቲክ የተለበጠ ሰሌዳና ማርከር ይሰጣል። ይህን ጥያቄ በክብ መሣል ይቻላል። ክትባት የወሰዱት ትልቅ ክብ ናቸው፤ ነርሶቹ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ያለ ትንሽ ክብ። የሌሊት ተረኞቹ ትልቁን ክብ ይነካሉ። ትንሹን ይነካሉ ወይ? መነሻው አልነገረንም። ጥሩ ሠዓሊ እዚያ ጋ መስመሩን በነጠብጣብ ይሥለዋል። ሦስቱም የማይከተሉ ድምዳሜዎች የተወለዱት ያንን ነጠብጣብ ሙሉ መስመር አድርጎ ከመሣል ወይም ያልተሣለውን እንዳለ ከመቁጠር ነው። ከሦስቱ ማራኪው የመጀመሪያው ነው፤ ለዚህም ነው ከፊት የተቀመጠው።

በዚሁ ክፍል የዕድል ስሌትም ይመጣል። ሐኪም ለሚሆን ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው። ምርመራው ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙን ያገኛል። ከሌለባቸው 990 ሰዎች ግን 99ኙን አለባችሁ ይላቸዋል። አንድ ሰው ተመርምሮ አለብህ ተባለ። በእርግጥ በሽታው ሊኖርበት የሚችለው ምን ያህል ነው? ምርመራው ከ10 ሕመምተኞች 9ኙን ስለሚያገኝ 90 በመቶ ነው የሚል ምርጫ ይኖራል፤ ብዙ ሰውም ይመርጠዋል። አለባችሁ የተባሉት ግን 9 እና 99፣ በድምሩ 108 ናቸው። ከ108ቱ በእርግጥ ያለባቸው 9 ናቸው። ከ12 ሰው አንድ ማለት ነው። ቁጥሮቹ እንዴት እንደተቆረጡ ተመልከቱ፦ የ990 አንድ አሥረኛ 99፣ ድምሩ 108፣ 108 ለ9 ሲካፈል እንከን የሌለበት 12። ተማሪው አስተሳሰቡን ካገኘው ስሌቱ ራሱ ትክክል መሆኑን ይነግረዋል።

እስከ 2024 ድረስ ፈተናው አምስተኛ ክፍል ነበረው፤ በቅርጾች ውስጥ ያለውን ሕግ የሚጠይቅ፣ 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ። አሁን የለም፤ አልናፍቀውም። ቅርጾቹ ያምሩ ነበር፤ ግን ሕጉ ከተገኘ በኋላ ተማሪው መለስ ብሎ የሚያየው ነገር አይተውም ነበር።

በየፈተናው ውስጥ ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎች ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። አዳዲሶቹ ጥያቄዎች የሚለኩት በዚህ ነው። የመለኪያው ሐሳብ ቀላል ነው። በቀረው ፈተና ጥሩ የሠሩት አዲሱን ጥያቄ ከደከሙት በበለጠ ማግኘት አለባቸው። ተገልብጦ ከተገኘ፣ ማለትም ጠንካሮቹ ስተው ደካሞቹ ካገኙት፣ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ውስጥ አውጪው ያላየው ሁለተኛ ንባብ አለ፤ ጠንካሮቹ ያንን አይተውታል። የተሳሳቱት ምርጫዎችም እንዲሁ ይመዘናሉ። ማንም ያልመረጠው ምርጫ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ብስክሌቷ ላይ 1,000 ፓውንድ የሚል ምርጫ ብንጨምር ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ ምርጫ አይደለም።

ይህን ያወቀ ሰው ገበያ ላይ ካሉት የመለማመጃ መጻሕፍት መካከል በጥንቃቄ የተሠራውንና ለብዛት የተሠራውን ይለያል። ትክክለኛው ምርጫ ሁልጊዜ ከሌሎቹ የሚረዝም ከሆነ አውጪው እሱን ብቻ እየጠበቀ ሌሎቹን ችላ ብሏል። ሁለት ምርጫዎች በተለያየ ቃል አንድ ነገር ካሉ ሁለቱም ስሕተት መሆናቸው ሳይነበብ ይታወቃል። መልሱ ከጽሑፉ ሳይሆን ከተፈታኙ ዕውቀት የሚመጣ ከሆነ የንባብ ጥያቄ አይደለም። የሚከብደው አስተሳሰቡ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ ጥልፍልፍ ከሆነም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን የማብራሪያውን ገጽ ክፈቱ። ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ካብራራና ስለተሳሳቱት አንድ ቃል ካላለ፣ የተሳሳቱት ሳይታሰብባቸው ነው የተጻፉት።

የሁኔታ ዳኝነት ክፍል በሌላ መንገድ የተሠራ ነው፤ በቁጥር ወይም በሎጂክ የሚዘጋ መልስ የለውም። ሁለት ሐኪሞች በሆስፒታል አሳንሰር ውስጥ፣ ሌሎች ሰዎች ባሉበት፣ የአንድን ታካሚ ስም ጠርተው ስለ ሕመሙ ያወራሉ። አብሯቸው ያለው የሕክምና ተማሪ ምን ያድርግ? አንድ ድርጊት ይቀርባል፤ ከአራት ደረጃ በአንዱ ይመዘናል፦ እጅግ ተገቢ፣ ተገቢ ግን ምርጥ ያልሆነ፣ ተገቢ ያልሆነ ግን እጅግ ያልከፋ፣ እጅግ ተገቢ ያልሆነ። ከአሳንሰሩ ሲወጡ ለብቻቸው በትሕትና ሰው ይሰማ እንደነበር መንገር የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ታካሚውን አላውቀውም ብሎ ዝም ማለት መጨረሻው ላይ። በእኔ ግምት የክፍሉ ጥበብ ያለው በመካከለኞቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው። ወደ ትክክለኛው ደረጃ ለተጠጋ መልስ ከፊል ነጥብ ይሰጣል። ውጤቱም በቁጥር ሳይሆን ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይነገራል፤ 1 ከፍተኛው ነው። የቀሩት ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ300 እስከ 900 ይታሰባሉ፤ ድምሩ ከ900 እስከ 2,700 ነው። አሳንሰር ውስጥ ያለውን ጥያቄ ለማዘጋጀት ሰው ከሆስፒታል ኮሪደር ብዙ መማር አለበት፤ ለመመለስም ቢሆን የብሪታኒያ ሐኪሞች የሚመሩበትን የጄኔራል ሜዲካል ካውንስል የሥነ ምግባር መመሪያ አንድ ጊዜ ማንበብ ከብዙ መቶ ጥያቄ ይሻላል።

ልምምዱን በተመለከተ ከልጆቹ ጋር የማደርገው አንድ ነገር አለ። ለምሳሌ የብስክሌቷን ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ፤ ምርጫዎቹን በወረቀት እሸፍናለሁ። መልሱን ከሠሩ በኋላ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ራሳቸው እንዲጽፏቸው እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ የሚጽፉት ለመልሱ የቀረቡ ቁጥሮችን ነው፦ 254፣ 256፣ 260። እነዚህ ምንም አይደሉም፤ ማንም በስሕተት 254 ላይ አይደርስም። ቆይተው ግን፣ «ሰው እዚህ ጋ ምን ይረሳል?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ 262.50 ይመጣል። ወረቀቱን ሳነሣ የጻፉት ከታተመው ጋር ሲገጥም ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ትክክለኛውን መልስ ሲያገኙ ከማየው ይበልጣል።

የስሕተት መዝገብም እንዲይዙ አደርጋለሁ። የጥያቄውን ቁጥር አይጽፉም፤ የስሕተቱን ዓይነት ነው የሚጽፉት። «በመቶን ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሆነ አላየሁም።» «ጽሑፉ ያላለውን ምክንያት ጨመርኩ።» «ሐሰትና መናገር አይቻልምን አምታታሁ።» አንድ ተማሪ ስሕተቱን ሁሉ ሲጽፍ ከቆየ በኋላ ገጹን ሲያገላብጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ዓይነት ብቻ ሆነው ያገኛቸዋል፤ እነሱም ይደጋገማሉ። መቶ አዲስ ጥያቄ ከመሥራት ይልቅ እነዚያን ሦስት አራት ዓይነቶች ማወቅ ሥራውን ያቀላል።

ሰዓት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያለ ሰዓት፣ ከዚያ በእጥፍ ሰዓት፣ ከዚያ በትክክለኛው። ሰዓቱ ቀድሞ ከገባ ተማሪው ፍጥነትን ይለማመዳል እንጂ ማየትን አይለማመድም። በትክክለኛው ሰዓት ሲሠራ ደግሞ ትናንሾቹ ነገሮች ዋጋ አላቸው። አልት እና ሲ ካልኩሌተሩን ይከፍታሉ፤ አልት እና ኤን ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይወስዳሉ፤ አልት እና ኤፍ ተመልሰው የሚያዩትን ጥያቄ ምልክት ያደርጉበታል። የቁጥሩን ክፍል በመዳፊት ብቻ የሚሠራ ልጅ በየጥያቄው የሚያጠፋት ጥቂት ሰከንድ በ36 ጥያቄ ስትባዛ ደቂቃ ትሆናለች። የማይወጣለትን ጥያቄም ባዶ መተው አይገባውም፤ ነጥብ ስለማይቀነስ አንዱን መርጦ፣ ምልክት አድርጎ ይለፍ።

ለዘንድሮ ለምትዘጋጁ፣ ልጅ ለምታዘጋጁም፦ ፈተናው የሚሰጠው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ነው፤ በዓመት መውሰድ የሚቻለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የፈተናው ባለቤቶች ማብራሪያ፣ የጥያቄ ባንክና ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎች በነጻ ያቀርባሉ፤ ስክሪኑም ካልኩሌተሩም የፈተናው ቀን ከሚታየው ጋር አንድ ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚያን ጨርሱ። ሙሉዎቹን ፈተናዎች ግን በመጀመሪያው ሳምንት አትብሏቸው፤ ቢያንስ ሁለቱን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቀሩ።